ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ በራሷ የምታጓራ ሃይሉክስ (88 ሞዴል፣ 22 አር ቤንዚን)

የደምቢያ_ጫኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ አለችኝ፤ 88 ሞዴል፣ 22 አር የቤንዚን ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀይጦ ለሞተሩ የሚሰጠው)። የምኖረው ጎንደር ነው። ሥራዋ ከቆላ ድባ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት እየጫነች ገበያ ማድረስ ነው።

ባዶዋን ከተማ ውስጥ ስትዞር ምንም እንከን አይወጣላትም። ጭነት ይዛ ከአዘዞ ወደ ላይ ስታቀና ግን፣ በተለይ ዳገት ላይ ቆማ ስትነሳ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው የተረገጠባት ይመስል ታጓራለች። እግሬን ባነሳም አትሰማኝም፣ ይዛኝ ትሄዳለች። ባለፈው ከፊቴ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ቆሞ ነበር፤ ፍሬኑ ላይ ቆሜ ነው ያስቀረኋት። ከዚያ ወዲህ ረዳቴ «ጋቢና አልገባም» ብሎ ጭነቱ ላይ ሆኗል መቀመጫው።

ጋራዥ ወስጃት ካርቡሬተሩን ፈትተው አጠቡ፣ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀየሩ፣ ሒሳባቸውን ተቀበሉ። ያው ናት። አሁን ደግሞ «ካርቡሬተሩ ተበልቷል፣ አዲስ አምጣ» እያሉኝ ነው። ዋጋውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ ብሩን ከማውጣቴ በፊት ይምከረኝ።

ሳቂታው_ከፒያሳ

ያን ሁሉ ሽምብራ ጭነህባት ዝም እንድትል ፈልገህ ነው? አንተስ ብትሆን አትጮህም? ለማንኛውም አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቅህ፤ የሚያውቁት እስኪመጡ ቦታ ይዣለሁ።

የመለዋወጫዋ_ልጅ

ወንድሜ፣ አባቴ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ካርቡሬተር ብትገዛን ደስ ባለን። ግን በነጻ የሚታየውን ሳታይ እንዳትገዛ።

መጀመሪያ ከእግርህ ሥር ያለውን ምንጣፍ አውጣው። ቀልድ እንዳይመስልህ። ቶዮታ ራሱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖቹን የጠራው፣ ምንጣፉ ተንሸራቶ የነዳጅ መስጫውን ይዞ ሊያስቀረው ይችላል ተብሎ ነው። እኛ አገር ደግሞ ምንጣፍ ላይ ምንጣፍ፣ በዚያ ላይ ካርቶን ነው የሚነጠፈው።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፋና ኮፈኑን ክፈት። የአየር ፊልትሮውን ቤት አንሳው፣ ካርቡሬተሩ እንዲታይህ። ሰው ጋቢና ገብቶ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። አንተ ካርቡሬተሩ ጎን ያለውን፣ የነዳጅ መስጫው ካቦ (የሽቦ ገመዱ) የሚስበውን ምላስ እይ። ሲለቀቅ እስከ መጨረሻው ተመልሶ «ጠቅ» ማለት አለበት። እየተንቀራፈፈ ከተመለሰ ወይም መሃል ላይ ከቆመ የካቦውን ጫፍ ከምላሱ ላይ አውልቅና ምላሱን በእጅህ ሞክር። በእጅህ ሲሆን ቶሎ ከተመለሰ ጥፋቱ ካቦው ውስጥ ነው፤ ዝጓል ወይም ክሩ ተበጥሶ ሽፋኑን ይቧጭራል። በእጅህም ካልተመለሰ ወይ ሞላው ደክሟል ወይ የካርቡሬተሩ ዘንግ በቆሻሻ ተይዟል። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ካቻቪቴና ከአንድ ፒንሳ በላይ አያስፈልግህም።

ቾኩንም (በብርድ ለማስነሳት አየሩን የሚያጠበውን) አትርሳ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የቾኩ ክዳን ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መገኘት አለበት። ካልተከፈተ ለቀዝቃዛ መነሻ ተብሎ የተሠራው ጥርስ ምላሱን ደግፎ ይይዘዋል፣ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል።

የደምቢያ_ጫኝ

እህቴ ተባረኪ። ምንጣፍ የለኝም፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የቀረውን ዛሬ አይቼ እመለሳለሁ።

ከፍታ_2100

እኔ ደግሞ ስለ አየሩ ልናገር፤ እዚህ አካባቢ ማንም አያነሳውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳር ካለው (ባሕር ዳር ከተማን አይደለም፣ የእውነቱን ባሕር ነው) ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ኮምፒውተር የለውም፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ የቤንዚን ቀዳዳ ይዞ እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ያጠጣል። ሞተሩ ጥቁር ይተፋል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር) ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ያን ጊዜ መካኒኩ ቅይጡን ከማስተካከል ይልቅ የሚኒሞውን ቪቴ አጥብቆ ይለቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞቃ ሳለች ሚኒሞዋን ለካ፤ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር መሃል ከሆነች ደህና ናት። 1,200 ላይ ከሆነች ማን ቪቴውን እንደነካው ጠይቅ።

ሁለተኛው በስንጥቅ የሚገባ አየር ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በሙቀት ይሰነጠቃል። ትናንሽ የአየር ጎማዎቹም ይደርቃሉ፤ አንዱ ከወለቀ ያልተለካ አየር ገብቶ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ለመፈተሽ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አቁመህ በመርጫ ውኃ ሥሩን እርጥብ አድርገው። ድምፁ ከተቀየረ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው።

ማራኪ_04

በሰው ጥያቄ መሃል ገባህ እንዳትሉኝ እንጂ የኔም ሃይሉክስ ይጮሃል። የኔ ኢንጀክሽን ነው፣ ካርቡሬተር የለውም። ጠዋት ሲነሳ 2,000 ይወጣል፣ 1,000 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ቆሞ ሳለ ነው ይህን የሚያደርገው፣ ሲነዳ ደህና ነው።

ከፍታ_2100

ማራኪ፣ ያንተ ሌላ በሽታ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውኃውን እይ። በእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ የሚኒሞ አየር የሚለቀው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያገኘው ከራዲያተር ውኃ ነው። ውኃው ጎድሎ አየር ከገባበት ቫልቩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ መስሎት አየር መልቀቁን አይተውም። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ነዳጅ መስጫው አልተነካም፣ ሞተሩ ግን እየፈጠነ ነው ብሎ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል። ያ ነው ያ መውጣትና መውረድ። ውኃው ሙሉ ከሆነ ቫልቩን አስወልቀህ አሳጥበው።

ማራኪ_04

ውኃው ጎድሎ ነው የተገኘው ጌታዬ። አንድ ሊትር ይሆናል የጠጣው። የት እንደሚሄድ ደግሞ እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ነው።

የደምቢያ_ጫኝ

ተመለስኩ። ምላሱ ጠቅ ብሎ ይመለሳል፣ ምንም አይዘውም። ቾኩ ሲሞቅ ሙሉ ይከፈታል። ውኃ ረጨሁ፣ ድምፁ አልተቀየረም። ሚኒሞዋ 800 ገደማ ናት፣ ጸጥ ያለች። እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆማ ስረግጣትና ስለቅቃት የቅዱስ ዮሐንስ በግ ናት። ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ብቻ ነው ጋኔኗ የሚነሳው። እንግዲህ ካርቡሬተሩን ልግዛ?

አሮጌው_ቁልፍ

ቆይ ልጄ፣ አትግዛ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሥራ ነው ያለሁት፣ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁምና ታገሠኝ።

ሦስት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ዳገት ላይ ስታጓራ ፍሪሲዮን ብትረግጥ ይብስባታል ወይስ ትወርዳለች? ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ ከሞተሩ በኩል የሚሰማህ ድምፅ አለ? ሦስተኛ፣ በኋላ ማርሽ ዳገት ወጥታ ታውቃለች? ያን ጊዜስ ታጓራለች?

ከፍታ የተባልከው ልጅ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ለዚህች መኪና አይደለም። በቀዳዳ የሚገባ አየር ሞተርን የሚያስጮኸው ሚኒሞ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ነው ሞተሩ በኃይል የሚስበው። ጭነት ይዞ ነዳጅ ሲከፈትለት ስበቱ ይወድቃል፣ ቀዳዳውም ያን ያህል አያስገባም። የአየር ችግር ቢሆን ግቢ ውስጥ ቆማ በጮኸች፣ ዳገት ላይ በረጋች ነበር። የሷ ተገላቢጦሽ ነው።

የደምቢያ_ጫኝ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፍሪሲዮን ስረግጥ ትወርዳለች፣ ወዲያው ነው የምትወርደው። እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር፤ እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው ያስታወስኩት። ድምፅም አለ። ስትወርድ ከሥር «ዷ» ይላል፣ እግሬ ድረስ ይሰማኛል። ካምቢዮው ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። በኋላ ማርሽ ደግሞ መጋዘን ስንገባ ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገቷን ትወጣታለች፣ አንድ ቀንም አጓርታ አታውቅም።

አሮጌው_ቁልፍ

እንግዲያው ካርቡሬተሩን ተወው። ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበት ጎማ አለ አይደል፣ ሳፖርቶው፤ የግራው ተቀዷል።

ምክንያቱን ልንገርህ። ሞተር ወደ ኋላ እግሮች የሚሄደውን ዘንግ ወደ አንድ ወገን ሲያዞር ራሱ ወደ ሌላው ወገን ለመገልበጥ ይታገላል። እንደ ሃይሉክስ ሞተሩ በቁመቱ በተቀመጠ መኪና፣ በፊት ማርሽ ሲጎትት በግራ በኩል ይነሳል። በኋላ ማርሽ ደግሞ በቀኝ። ደህና ሳፖርቶ ካለ መነሳቱ ትንሽ ነው፣ ዓይን አያየውም። ጎማው ከብረቱ ከተላቀቀ ግን ሞተሩ ተነስቶ ይንጠለጠላል። ሲነሳ ካቦውን ይጎትታል፣ ካቦው ካርቡሬተሩን ይከፍተዋል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይጎትታል፣ ይበልጥ ይነሳል። አንተ እግርህን ብታነሳ ዋጋ የለውም፤ የያዘው እግርህ ሳይሆን የሞተሩ የራሱ ጉልበት ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ጉልበቱ ይቆረጣል፣ ሞተሩ ቦታው ላይ ይወድቃል። ያ ነው «ዷ» የሚልህ።

ካቦ የያዘው ወይም ሞላ የተበጠሰበት መኪና ቢሆን ፍሪሲዮን ስትረግጥ ሸክሙ ይቀልለትና ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን የጠየቅኩህ።

ሽቦ_አጣማሪ

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር አልስማማም። ይህ የዱላ አሠራር በነበራቸው (ነዳጅ መስጫቸው በካቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ በሚሠራ) በድሮዎቹ መኪኖች ላይ ያስኬዳል። የሃይሉክስ ነዳጅ መስጫ ካቦ ነው፣ ካቦ ደግሞ የውጭ ሽፋን አለው። የሽፋኑ አንድ ጫፍ ጋቢናው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ላይ ባለው መያዣ ታስሯል። ሞተሩ ቢነሳ ሽፋኑም አብሮ ይጎብጣል እንጂ የውስጡ ክር አይጎተትም። ካቦ የተፈለሰፈው ለዚህ አይደል? እኔ ሳፖርቶ የተሰበረባቸው ሃይሉክሶች አይቻለሁ፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ማርሽ ያስቸግራሉ፣ ፋኑ የራዲያተሩን ሽፋን ይነካል። በራሱ የጮኸ አላየሁም።

አሮጌው_ቁልፍ

የተናገርከው ልክ ነው፣ ልጅነትህን ወደድኩት። ሽፋኑ ትርፍ ርዝመት ካለው እንዳልከው ነው። ትርፍ ከሌለውስ? ሽፋኑ ራሱ ከተወጠረ መያዣውን ይለቃል ወይም ይታጠፋል፤ የውስጡ ክርም አብሮ ይወጠራል። ስለዚህ የደምቢያው ልጅ ካቦውን ይይልን። የራሱ ነው ወይስ የሌላ መኪና? አልፎ አልፎ የሌላ ሞዴል ካቦ ያስገባሉ፤ ጫፉ ይገጥማል፣ ርዝመቱ ግን አይበቃም።

የዱላ አሠራር ያልከው ደግሞ ትክክል ነው። ጀነራል ሞተርስ በ1971 ወደ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሸቭሮሌቶችን የጠራው በዚሁ ነገር ነው፤ የሞተር ሳፖርቶ እየተበጠሰ ሞተሩ ሲነሳ ነዳጁን ይከፍት ነበር። ያኔ ሳፖርቶውን ከመቀየር ይልቅ ሞተሩን እንዳይነሳ የሚይዝ የብረት ማሰሪያ ነው ያደረጉላቸው። ዓመቱ በፈረንጅ ነው።

የመለዋወጫዋ_ልጅ

ይህን አላውቅም ነበር ጋሼ። ምላሱ በእጅ ደህና ሲሆን እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እስቲ እንዴት ሳይፈታ እንደሚታወቅ ይንገሩን።

አሮጌው_ቁልፍ

ሁለት ሰው ይበቃል። ግን በጥንቃቄ፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ሜዳ ቦታ አቁሟት። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ። ነጂው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ። ከፊቷ ማንም አይቁም፤ የሚያየው ሰው በጎን በኩል፣ ከፋኑ ራቅ ብሎ፣ ነጠላና ሻሽ ሳይንጠለጠልበት። ነጂው አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሞተሩ እስኪከብደው ድረስ ብቻ ይልቀቅ፣ መልሶ ይርገጥ። አንዴ ነው፣ አትደጋግሙት፤ ፍሪሲዮን ትጨርሳላችሁ። ሞተሩ በግራ በኩል ከጎኑ እየተነሳ ከወደቀ ነገሩ አለቀ። የሚያየው ሰው ዓይኑ ካቦው ላይ ይሁን።

ይህን ካልወደዳችሁ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በኮፓው (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጋችሁ በክሪክ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ጣውላው ካልሰፋ ኮፓው ይሰረጉዳል። ጎማው ከብረቱ ተላቆ ክፍተት ካሳየ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ናፍጣ_ይሻላል

ይቺን ጥያቄ ለኔም ጨምሩልኝ። የኔ ሃይሉክስ 3 ኤል ናፍጣ ነው። ጠዋት ደባርቅ በብርዱ ስናስነሳው ይጮሃል፣ እሱ ደህና። ግን ሙቀቱ ከወጣ በኋላም ዝም አይልም፣ 1,300 ላይ ይቀመጣል። ሳፖርቶ ይሆን?

አሮጌው_ቁልፍ

አይደለም። ናፍጣ ላይ ነዳጁን የሚገፋውን ፖምፓ እይ። ከጎኑ በራዲያተር ውኃ የሚሞቅ፣ ውስጡ ሰም ያለበት ነገር አለ፤ በብርድ ጊዜ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል፣ ሲሞቅ ሰሙ ይለቃል። ወደሱ የሚሄዱት ትናንሽ የውኃ ጎማዎች ሲደፈኑ ሙቀት አይደርሰውምና ሁልጊዜ ጠዋት ይመስለዋል። ጎማዎቹን በእጅህ ዳስስ። ሞተሩ ሞቆ እነሱ ከቀዘቀዙ አገኘኸው።

ናፍጣን የምፈራው በሌላ ነው። በቁልፍ አጥፍተኸው የማይጠፋ ከሆነ፣ እየጨመረም ከሄደ፣ የራሱን ዘይት እየጠጣ ነው። ዘይት ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ወይም ቱርቦ ያላቸው ላይ የቱርቦው ማሸጊያ ሲያልቅ ይደርሳል። ያን ጊዜ ፖምፓው ቢዘጋም ትርጉም የለውም። አራተኛ ወይም አምስተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሬኑን አጥብቀህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ይታፈናል። ወይም የአየር መግቢያውን በጣውላ ድፈነው። በእጅህ እንዳትሞክር፣ ይስበዋል።

ናፍጣ_ይሻላል

ቁልፍ ላይ ቶሎ ይጠፋል ጋሼ፣ እፎይ። ጎማዎቹን አያለሁ።

ሹፌር_ነበርኩ

አንድ ነገር ሳይባል እንዳያልፍ። የደምቢያ ልጅ «ፍሬኑ ላይ ቆሜ» ብሏል። ቤንዚን መኪና ላይ ነዳጁ ተከፍቶ ሲቀር የፍሬኑን ሰርቮ (ፍሬን መርገጥን የሚያቀልለውን) የሚረዳው የሞተሩ ስበት ይጠፋል። የተጠራቀመው ለአንድ ሁለት መርገጥ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ እየረገጡ እየለቀቁ መጫወት የለም፤ አንዴ ረግጦ መያዝ ነው። ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ዜሮ ማርሽ አድርግ፣ ዳር ያዝ። ቁልፉን አጥፋ፣ ግን እየሄድክ ነቅለህ እንዳታወጣው፤ መሪው ይቆለፋል። ሊማሊሞን የሚወርዱ ሁሉ ይህን በቃላቸው ሊያውቁት ይገባል። ሞተሩ ጮኸ ብሎ ፍሪሲዮን ለመርገጥ የሚፈራ ሹፌር አይቻለሁ፣ «ሞተሩ ይፈነዳል» እያለ። ሞተር በሰው አይተካም።

የደምቢያ_ጫኝ

ጋሼ አሮጌው ቁልፍ፣ እጅዎን ይስጡኝ ልሳመው።

እንዳሉት አድርገን ሞከርን። አጎቴ ጋቢና ገባ፣ እኔ በጎን ቆምኩ። ፍሪሲዮኑን ትንሽ ሲለቀው ሞተሩ በግራ በኩል ተነሳ፤ ሦስት ጣት ይሆናል። ዓይኔን ካቦው ላይ አድርጌ ነበር፣ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ምላሱም ማንም ሳይረግጠው ወደ ታች ሄደ። በዓይኔ አየሁት። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ «ዷ»።

ፈታነው። ጎማው ከላይኛው ብረት ሙሉ በሙሉ ተላቋል፣ ጥቁር ሙጫ ሆኖ በጣት ይፋቃል። ዘይት ነው የበላው፤ ከቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን የሚወርደው ዘይት ቀጥታ እሱ ላይ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ካቦውም የራሷ አይደለም። ሽፋኑ ላይ የሌላ መኪና ምልክት አለ፣ ጋቢናው ግድግዳ ላይ የሚገባው ጫፍ በሽቦ ነው የታሰረው። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት አስገብቶት ይሆናል።

ሽቦ_አጣማሪ

በሽቦ ታስሮ?! እንግዲህ የኔ ስም ነው የጠፋው። ጋሼ፣ ተሸንፌያለሁ፤ ካቦው አጭር ከሆነ ክርክር የለኝም።

አሮጌው_ቁልፍ

አልተሸነፍክም። ካቦው የራሷ ቢሆን ኖሮ ሳፖርቶው ተበጥሶም መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ሁለቱ ተገናኝተው ነው። ለዚህ ነው ጋራዡም ያላገኘው፤ መኪናዋን ባዶዋን ግቢያቸው ውስጥ አቁመው ነው የሰሟት።

አሁን የደምቢያው ልጅ፣ ሁለቱንም ሳፖርቶ ቀይር፣ የግራውን ብቻ አይደለም። የቀኙ ብቻውን ሲሸከም ስለኖረ ደክሟል። የካምቢዮውንም ከሥሩ እይልኝ። ከሁሉ በፊት ግን የቴስታታውን ክዳን ጓርኒሲዮን ቀይር፤ ያለዚያ አዲሱንም ጎማ ዘይት ይበላዋል። ካቦ ስትገጥም ሞተሩን በእጅህ አወዛውዝ፤ በምንም በኩል ሽፋኑ መወጠር የለበትም። ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ክሩ ትንሽ ላላ ይበል።

እስኪመጣልህ መሥራት ግድ ከሆነብህ ሞተሩን በወፍራም ሰንሰለት በግራ በኩል ከሻንሲው ጋር እሰረው፤ ካቦና ጎማ እንዳይነካ አድርገህ። ጭነት ግን አታብዛ።

የደምቢያ_ጫኝ

ሰንሰለቱን አድርገን አንድ የገበያ ቀን ሠራን፣ ግማሽ ጭነት ብቻ። አላጓራችም። ሳፖርቶው አሁን ገብቷል፣ ሁለቱም፤ ካቦውም የራሷ ሞዴል ተገኝቷል። ትናንት ሙሉ ጭነት ይዤ አዘዞ ላይ ሆን ብዬ ዳገቱ መሃል አቆምኳትና አስነሳኋት። ነዳጅ ስለቅ ለቀቀች። ማርሹም የሚገባበት መንገድ ተቀይሯል፤ ለካ ሁለተኛ ማርሽ ያስቸገረኝ እሱ ኖሯል።

ለጋራዡ ሰውዬ ካቦውን ወስጄ አሳየሁት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ።

ሳቂታው_ከፒያሳ

😂 ጠርጥሮ ካርቡሬተር አዘዘ።

ማራኪ_04

የውኃዬን መሄጃ አገኘሁት፤ ጋቢና ማሞቂያው ጋ ያለው ጎማ ፋሼታው ላልቶ ነው። ጠበቀ፣ ተሞላ፣ ሞተሩም ረግቷል። ከፍታ፣ ምስጋናዬ ይድረስህ።

ናፍጣ_ይሻላል

ሁሉም ሰው ከተዳነ የኔንም ልንገራችሁ። ጎማዎቹ ደንጋይ ሆነው ቀዝቅዘው ነበር፣ አንደኛው ውስጡ በዝገት ተደፍኗል። ቀይሬያቸዋለሁ፤ አሁን ሲሞቅ 750 ላይ ይወርዳል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ ሳፖርቶዬም አርጅቷልና የደምቢያው ልጅ የገዛው ዓይነት ለኔ ይሆናል?

የመለዋወጫዋ_ልጅ

አይሆንም ወንድሜ፤ ያንተ ናፍጣ ነው፣ የሱ ቤንዚን፤ ቅርጹ በሞተሩ ዓይነት ይለያያል። የድሮውን ፈትተህ ይዘህ ና፣ ወይም ከጎንና ከላይ ፎቶ አንሥተህ ላክ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ እንዲታይ። ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ እንዳትገዛ ደግሞ፤ ላዩ ሲታጠብ አዲስ ይመስላል፣ ጎማው ግን ደርቋል። ስትመርጥ በአውራ ጣትህ ጥፍር ጫነው፤ ጥፍርህ ካልገባበት ወይም ምልክቱ ተመልሶ ካልጠፋ ተወው።